ጥቁር ፍቅር ላይ ከታያር ይልቅ ሁሴን ይብሳል የምትሉ አላችሁ? (ድራማውን ያላያችሁ አታንብቡ፣ ዋናው ምስጢር እዚህ አለ)

ማታ_ማታ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ጥቁር ፍቅር የሚባለውን በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ከአንድ ብዬ እንደገና እያየሁት ነው። ያኔ ቃና አዲስ የተከፈተ ሰሞን በ2008 ዓ.ም ስናየው ልባችን ሁሉ ኦመርና ኤሊፍ ላይ ስለነበር መቼ ነው የሚታረቁት መቼ ነው የሚጋቡት እያልን ሌላውን ሁሉ ዝም ብለን ነው ያሳለፍነው። አሁን ነገሩን አውቄ ሳየው ግን አይኔ የሚሄደው ሁሴን ላይ ነው። የኦመር ታላቅ ወንድም።

ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ። ኦመር ፖሊስ ነው፣ ከቫን ወደ ኢስታንቡል የሚመጣው ከእጮኛው ከሲቤል ጋር ነገራቸውን መልክ ሊያሲዙ ነው። ከዛ ሲቤል መኪና ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሰውዬ ጋር ተገድላ ትገኛለች። ሰውየው አህመት ዴኒዘር የሚባል ሀብታም ነጋዴ ነው፣ የኤሊፍ አባት። ኤሊፍ ደግሞ ሮም የምትኖር የጌጣጌጥ ዲዛይነር ናት። ሰው ሁሉ "ከሽማግሌ ጋር ነበረች" እያለ የሞተችውን ልጅ ስም ሲያጠፋ ኦመር ብቻውን "ሲቤል እንደዛ አይደለችም" ብሎ ይነሳል። እኔ ድራማውን የወደድኩት እዚህ ጋር ነው። ከፍቅሩ በፊት የሞተች ሴት ስም የማጥራት ታሪክ ነው፣ ራሷን መከላከል የማትችል ልጅ ላይ ሁሉም የፈለገውን ሲል አንድ ሰው እምቢ ይላል።

እና ገዳዩ ማነው? ሁሴን። እሱም ፖሊስ ነው፣ የገዛ ወንድሙ። እኛ ተመልካቾች ይሄን ከኦመር በጣም ቀድመን ነው የምናውቀው፣ ኦመር ግን አያውቅም። ከዛ በኋላ ያለው እያንዳንዱ የቤት ውስጥ ትዕይንት ለኔ መርዝ ነው። እናታቸው ኤልቫን ታበላለች፣ የሁሴን ሚስት መሊኬ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ኦመር ቀን ያገኘውን ፍንጭ ማታ ለወንድሙ ያወራል፣ ሁሴንም እንደ ታላቅ ወንድም "አይዞህ" ይለዋል። ያ "አይዞህ" የሚባለው ቃል ላይ ፊቱን ተመልከቱት! እያዘነለት ነው፣ የምሩን ነው። ግን ደግሞ በዛው ቅፅበት ልጁ ምን ያህል እንደተጠጋው እየለካ ነው። ሁለቱም አንድ ፊት ላይ አሉ።

ታያር ክፉ ነው፣ እሺ፣ ማንም አይክድም፣ የጥቁር ገንዘቡ (የህገወጡ ገንዘብ) አለቃ እሱ ነው። ግን ታያር ሲመጣ እንደምጠነቀቅ አውቃለሁ። ከሁሴን እንዴት ነው የሚጠነቀቁት? አንድ ማዕድ ላይ ነው ያለው። እኔ ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ከሁለቱ ማን ይብሳል ትላላችሁ፣ ሌላው ደግሞ ደራሲዎቹ ለሁሴን ከልክ በላይ አዝነውለታል ወይስ ልክ ናቸው? ምክንያታችሁን ፃፉልኝ፣ "ኦመር ያምራል" ብቻ የሚል ኮሜንት አልፈልግም 🙏

የጀሞ ልጅ፦

እኔ ታያር ነው የምለው፣ ምክንያቴንም ልንገርሽ። ሁሴን የተነካካው በገንዘብ ነው፣ አንዴ ከገባ በኋላ መውጫ አጥቶ ከአንዱ ጥፋት ወደሌላው ነው የተንከባለለው። ጥፋቱን ማሳነሴ አይደለም፣ ሁለት ሰው ነው የገደለው። ታያር ግን ፈልጎና መርጦ ነው። ደግሞ አንቺ "ታያርን እጠነቀቀዋለሁ" ያልሽው ለኛ ለተመልካቾች ነው እንጂ ለኤሊፍ ቤተሰብ ታያር እኮ የቤት ሰው ነው። የአባታቸው ወዳጅ፣ ሲያዝኑ መጥቶ አብሮ የሚያዝን፣ ልጆቹን እንደ አጎት የሚያባብል። ለቅሶ ቤት መጥቶ የሚያስተዛዝነው ሰው ነው የአባታቸው ሞት ጀርባ ያለው። ስለዚህ ማዕድ ላይ መቀመጥ ካልሽ ታያርም ተቀምጧል።

ሌላው አክተሩ። ኤርካን ጃን ታያርን ሲሰራው አንዴም ሲጮህ አታይውም ማለት ይቻላል፣ ቁጭ ብሎ በቀስታ ነው የሚያወራው፣ ፈገግ ይላል፣ እና ያ ፈገግታ ነው የሚያስፈራው። እኛ ሀገር ድራማ ላይ መጥፎ ሰው ሁሌ መጮህ፣ ጠረጴዛ መምታት፣ ውስኪ ጨብጦ መሳቅ አለበት ተብሎ ይታሰባል። ታያር ሻይ እየጠጣ ነው ሰው የሚያስገድለው።

ስክሪፕት_ወዳጅ፦

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ማን ይብሳል ከሚለው ይልቅ የታሪኩ አሰራር ላይ ትንሽ ልበል።

የወንጀል ድራማ ሁለት አይነት መንገድ አለው። አንዱ ገዳዩን እስከመጨረሻው ደብቆ ተመልካቹን ማስገመት ነው፣ ሌላው ገዳዩን ቶሎ አሳይቶ "መቼ ነው የሚደረስበት" ብሎ ማስጨነቅ። ጥቁር ፍቅር ጎበዝ የሆነው ሁለቱንም ስለተጠቀመ ነው፣ መጀመሪያ ትንሽ አስገመቱን፣ ከዛ ሁሴን መሆኑን ለኛ ብቻ ነገሩን፣ ኦመርን ጨለማ ውስጥ ተዉት። ያ ባይሆን ኖሮ የቤት ውስጡ ትዕይንት ሁሉ ተራ የእራት ሰዓት ወሬ ነበር የሚሆነው። አንቺ መርዝ ያልሽው ስሜት የመጣው እኛ የምናውቀውን ኦመር ስለማያውቅ ነው።

ግን ቅሬታ አለኝ። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ነገሩ እየሰፋ፣ አዳዲስ ሰው እየገባ፣ የታያር ልጅ ፋቲህ ምናምን ሲመጣ ዋናው ገመድ ላላ። ከወንድም ክህደት ወደ ተራ የማፊያ ተኩስ ወረደ። ይሄ ደግሞ የደራሲዎቹ ችሎታ ማነስ አይመስለኝም (ኤይለም ጃንፖላትና ሴማ ኤርጌኔኮን ጎበዞች ናቸው)። የቱርክ ድራማ አሰራር ነው። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ ነው የሚታየው፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፣ አንዳንዴም ያልፋል። አስቡት፣ በየሳምንቱ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ታሪክ መፃፍ፣ መቅረፅ፣ ኤዲት ማድረግ። አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነገር የለም፣ እየታየ እየተፃፈ ነው የሚሄደው፣ ሬቲንጉ ከወረደ ደግሞ መሃል ላይ ይቋረጣል። የድራማ ሰራተኞቹ ራሳቸው የክፍሎቹ ርዝመት ይቀነስልን ብለው ተቃውሞ ያሰሙበት ጊዜ አለ። ጥቁር ፍቅር ኤቲቪ በሚባለው የቱርክ ጣቢያ ከ2014 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በ54 ክፍል ነው ያለቀው፣ ውጪ ሀገር ሲሸጥ ግን እያንዳንዱ እየተቆረጠ ወደ 45 ደቂቃ ስለሚወርድ ክፍሉ ይበዛል። ቃና ላይ ስናየው አንዳንዴ ክፍሉ ምንም ባልተፈጠረበት ቦታ የሚያልቀው ለዛ ነው፣ እውነተኛው ማለቂያ እዛ አልነበረም። ያ ሁሉ በዝምታ መተያየት፣ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደሌላው የሚመላለሰው፣ ሁለት ሰዓቱን ለመሙላትም ጭምር ነው።

ስለዚህ ሁሴንን "አዝነውለታል ወይ" ላልሽው፣ ሲዝን አንድ ላይ ልክ ነበሩ። በኋላ ላይ ግን ሰውየው ታሪኩ እንዳያልቅ ሲባል ብቻ ከሞት አፋፍ እየተመለሰ ነው የቆየው፣ ከዛ በኋላ እንኳን ማዘን ቀርቶ ደከመኝ።

ከሻርጃ፦

እኔ በአረብኛ ነው ያየሁት፣ የምሰራበት ቤት እመቤቲቱ የቱርክ ድራማ ካለ ኩሽናውም ይቆማል። እዚህ የቱርኩን ሁሉ በሶሪያ አነጋገር ነው የሚተረጉሙት፣ እኔ አረብኛ የለመድኩት ግማሹን ከዛ ነው ማለት እችላለሁ፣ በኋላ እህቶቼ በስልክ ስለ ኤሊፍ ሲያወሩ ያው ድራማ መሆኑን አወቅኩ።

ስለ ሁሴን ስታወሩ እኔ ትዝ ያለኝ ሀሪም አል ሱልጣን ነው፣ የሱልጣን ሱለይማን ታሪክ። እዛ ላይ ደግሞ አባት ነው ልጁን የሚያስገድለው። ሙስጠፋን። ይሄ በታሪክም የሆነ ነው፣ በ1553 እ.ኤ.አ.። ያ ክፍል ቱርክ ውስጥ በታየ ጊዜ ሰው ቡርሳ ድረስ ሄዶ የሙስጠፋን መቃብር እየጎበኘ አለቀሰ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ሰው እኮ ነው! ድንኳኑ ውስጥ አባቱን ሊያይ ሲገባ እኛ ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን እሱ ደግሞ አባቴ አያደርገውም ብሎ ነው የሚገባው፣ ልክ ስክሪፕት ወዳጅ ያልከው ነገር ነው። የቱርኮቹ ድራማ ሲያምር የሚያምረው እንደዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሲገባ ነው እኔ እንደሚታየኝ። ጠላት ከውጪ ሲመጣባቸው ተኩስ ብቻ ነው።

እዛው ላይ የሱልጣኑን ሚስት ሁሬምን የምትሰራዋ ሜርየም ኡዘርሊ መሃል ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ሌላ አክትረስ ቫሂዴ ተክታ ገባች፣ እና ሰው እንዴት ተናደደ። ለኔ ግን የሁለተኛዋ ሁሬም እርጅናዋ፣ ጭካኔዋ፣ ለልጆቿ ስትል የማታደርገው ነገር አለመኖሩ ከመጀመሪያዋ ይበልጥ ገባኝ። እናት ስትሆኚ ይገባሻል፣ ከልጆችሽ ርቀሽ ስትኖሪ ደግሞ በጣም ይገባሻል።

ለጥያቄሽ መልስ፦ ሁሴን ይብሳል። ታያርን እግዚአብሔር ይፍረደው፣ ሁሴንን ግን እናቱስ እንዴት ነው የምትፈርደው?

ማታ_ማታ፦

ከሻርጃ እህቴ የመጨረሻው አረፍተ ነገርሽ ገደለኝ። ኤልቫን! ስለ ኤልቫን ማንም አያወራም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፣ ኤልቫን ላይ ይሄ ነገር ሲደርስ ግን አባባል ብቻ አይደለም፣ አንዱ ልጇ የሌላውን ልጇን እጮኛ ነው የገደለው። ከየትኛው ጋር ነው የምትቆመው? ከሲቤል እናት ጋር ቢያገናኟት ምን ትላለች? ለኔ ድራማው ለዚህች ሴት ከሰጣት ጊዜ ሶስት እጥፍ ሊሰጣት ይገባ ነበር፣ እነዛን የመኪና ማሳደድ ትዕይንቶች ግማሹን አውጥተው።

የጀሞ ልጅ፣ የለቅሶ ቤቱን ነገር ተቀብዬሃለሁ፣ ግን አንድ ልዩነት አለ። ታያር ኤሊፍን ሲያባብል ውስጡ ባዶ ነው፣ ትወና ነው። ሁሴን ግን ወንድሙን ይወደዋል። የሚወደውን ሰው እያየ ዝም ማለት መቻሉ ነው እኔን የሚያሳምመኝ። አንድ ቀን "እኔ ነኝ" ቢል ኖሮ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር፣ ስንት እድል አገኘ፣ ሁሉንም አሳለፈው።

እህተ_ኒሉፈር፦

ሰዎች ስለ ክፉዎቹ ስታወሩ መቲንን ዘለላችሁት እኮ?? እኔ እስከዛሬ ያልተዋጠልኝ እሱ ነው። የኤሊፍን እህት ኒሉፈርን ካገቷት ሰዎች አንዱ ነው፣ የታያር ሰው፣ ከዛ ፍቅር ያዘው ተብሎ እኛም እንድናዝንለት ሙዚቃ ተለቀቀልን። ያኔ ጓደኞቼ በሙሉ "መቲን ታድሎ፣ እንዴት ነው የሚወዳት" ሲሉ እኔ ብቻዬን ነበርኩ ስከራከር። የታገተች ልጅ ናት! ፈርታ፣ አባቷ ሞቶባት፣ እድሜዋም ገና ነው። እንደዛ ባለ ሰዓት ትንሽ ደግ የሆነላትን ሰው መጠጋቷ ፍቅር ነው ወይ? ውሃ ስለሰጣት ነው የምትወደው፣ ውሃውን የከለከላትም እኮ እሱና ጓደኞቹ ናቸው።

አክተሩን ሳይጊን ሶይሳልን አደንቃለሁ፣ አይኑ ብቻ ይበቃዋል፣ ለዛም ነው ሰው የተሸነፈለት። ደራሲዎቹ ግን አንድ ቦታ ላይ ኒሉፈር እራሷ ቆማ "አንተ እኮ ያገትከኝ ሰው ነህ" ብላ ረጋ ብላ የምትጠይቅበት ረጅም ትዕይንት ቢሰጧት ምን ነበረበት። ሁልጊዜ ወይ ታለቅሳለች ወይ ትሸሻለች ወይ ተመልሳ ትሄዳለች። ኤሊፍ ለእህቷ ስትል ያን ሁሉ ከፍላ፣ የአልማዝ ድንጋይ ስትፈልግ፣ ለኦመር ስትዋሽ፣ ነፍሷን ስታስይዝ፣ ልጅቷ ደግሞ ወደ አጋቿ። ኤሊፍን ሳስባት ነው ይበልጥ የምናደደው።

ይሄን የምለው ታናናሽ ልጆች ስለሚያዩት ነው። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ቁጭ ብላ "ቢያስፈራራኝም ስለሚወደኝ ነው" ብላ እንድታድግ አልፈልግም።

የጀሞ ልጅ፦

እህተ ኒሉፈር እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ካራ ሴቭዳ የሚባለው ሌላ የቱርክ ድራማ ላይም ያው ነው፣ ኤሚር ኒሃንን አስገድዶ አግብቶ፣ ወንድሟን መያዣ አድርጎ፣ ስንት ዓመት አሰቃይቷት ሲያበቃ ኢንተርኔቱ ሁሉ "ኤሚርም እኮ አፍቃሪ ነው" ይላል። ያ ድራማ በ2017 እ.ኤ.አ. ኢንተርናሽናል ኤሚ ወስዷል፣ ይገባዋልም፣ የኒሃን ፍቅረኛ ኬማልና ኤሚር አንድ ላይ የሚያልቁበት አጨራረስ እስካሁን ከአይምሮዬ አልወጣም። ግን ቢያንስ እዛ ደራሲዎቹ ኤሚርን እስከመጨረሻው ኤሚር አድርገው ነው የተዉት፣ "ተለወጠ" ብለው አልሸወዱንም። መቲን ላይ እኮ ነው የሸወዱን።

ያገር_ልጅ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። እኛ ራሳችን ሰው ለሰው ድራማ ላይ አስናቀን የመሰለ ካራክተር ነበረን። አበበ ባልቻ የሰራው። ሀብታም፣ የተከበረ፣ አነጋገሩ ቁጥብ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚለው፣ ከጀርባው ግን ሌላ ሰው። የጀሞ ልጅ "እኛ ሀገር ክፉ ሰው ሁሌ ይጮሃል" ያልከውን አልቀበልም ወንድሜ፣ አስናቀን ረስተኸዋል። አስናቀ ዝም ሲል ነበር ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁሉ ዝም የምንለው። አባቴ ቴሌቪዥን ብዙ የማያይ ሰው አስናቀ ሲመጣ ጋዜጣውን ያስቀምጥ ነበር።

ቃና ሲመጣ የሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውሞ እንዳነሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ብዙ ሰው "በውድድር ማሸነፍ አቅቷቸው ነው" አለ። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ቱርኮቹ ኢስታንቡልን፣ ቪላውን፣ መርከቡን፣ ያን ሁሉ ካሜራ ይዘው ነው የሚመጡት፣ የኛ ሰው ደግሞ አንድ ሳሎን ቤት ውስጥ፣ መብራት እየጠፋ፣ ስፖንሰር እየለመነ ነው የሚቀርፀው። ያንን አይቶ የድርሰት ችሎታ የለንም ማለት ግፍ ነው። ለአማርኛው ድምፅ የሰጡት ልጆችም የኛው ልጆች ናቸው፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ነው ኦመርን አማርኛ ያስለመዱት። ኦመርን ኤንጂን አክዩሬክ ሰርቶ ለኢንተርናሽናል ኤሚ በምርጥ ተዋናይነት ታጭቷል፣ ክብር ይገባዋል፣ እኛ የምናውቀው ኦመር ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው፣ ሀበሻ ነው፣ ስሙን የሚጠራው የለም። ድምፁ ከተዋናዩ ከንፈር ጋር እንዲገጥም አረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ ማስረዘም፣ ለቅሶውን በሰው ፊት ላይ ማልቀስ ቀላል ስራ አይደለም።

ለጥያቄሽ፦ ሁሴን። የኛ ሰው ሁሴንን የፈራው ታላቅ ወንድም ማለት ለኛ ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ታላቅ ወንድምህ ዋስህ ነው፣ ሽማግሌ ሆኖ ሚስት የሚጠይቅልህ ሰው ነው። ሲቤልን የገደለው እኮ ነገ ለኦመር ሰርግ ፊት ፊት የሚሄድ የነበረው ሰው ነው።

ስክሪፕት_ወዳጅ፦

ያገር ልጅ፣ ስለ ድምፅ ሰጪዎቹ ያልከው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ የምጨምረው፣ ሁሴን በአማርኛ የተዋጣለት በድምፁ ነው፣ በቱርክኛ ከኢንተርኔት ላይ ጥቂት ክፍል አይቻለሁ፣ እዛ ሰውየው ትንሽ ቆጣ ያለ ነው፣ የኛው ላይ ለስለስ ብሎ ነው የመጣው፣ ለዛ ነው ይበልጥ የሚያሳዝነው። ማታ ማታ እያለች ያለችው "አይዞህ" ግማሹ የዛ ድምፅ ነው ማለት ነው።

አስናቀና ሁሴን ግን አይወዳደሩም፣ አስናቀ ከታያር ጋር ነው የሚመደበው፣ ኃይል ያለው ሰው ነው። ሁሴን ደካማ ሰው ነው። ኃይለኛ ክፉ መፃፍ ቀላል ነው፣ ደካማ ክፉ መፃፍ ነው ከባዱ፣ ምክንያቱም ተመልካቹ ራሱን ያይበታል። በሀገራችን ድራማ ላይ እኔ የማጣው እሱን ነው፣ መጥፎ መሆን ሳይፈልግ በአንድ ጥፋት ተጀምሮ ሌላ ጥፋት እየጨመረ የሚሄድ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ እናቱን የሚያከብር ሰው። በየመስሪያ ቤቱ ስንት አለ፣ አልተፃፈም እንጂ።

ማታ_ማታ፦

"ደካማ ክፉ" በቃ ስሙን አገኘህለት። እና ያገር ልጅ ስለ ሰርጉ ያልከው እኔ አስቤውም አላውቅም ነበር፣ አሁን የመጀመሪያውን ክፍል መልሼ ላየው ነው፣ ሁሴን ሲቤል ከመሞቷ በፊት ፊቷ ላይ እንዴት እንደሚያያት። መሊኬ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ልከፍት ነው፣ ሚስቱ ምን ያህሉን ታውቅ ነበር ምን ያህሉንስ ላለማወቅ መርጣለች የሚለው ላይ፣ እህተ ኒሉፈር አንቺ እዛ ላይ እንዳትቀሪ።

ከሻርጃ፦

መሊኬ አታውቅም! እኔ ለመሊኬ እከራከራለሁ። አንድ ቤት መኖር ማለት ሁሉን ማወቅ ማለት አይደለም። ባልሽ ፖሊስ ከሆነ፣ ማምሸቱ ስራ ነው፣ መጨነቁ ስራ ነው፣ ብር ማምጣቱም ስራ ነው፣ በምን ታውቂዋለሽ? ስትከፍቺው እመጣለሁ፣ አሁን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው።